ኮሌጁ ሲያድግ ፈቃዱ ወደኋላ እንዳይቀር

ነሐሴ ሲጋመስ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ የኮሌጅ ባነር ይበዛል። በአያትና በጣፎ በኩልም እንደዚያው ነው። ኮንዶሚኒየሙ ተሠራ፣ ሰው ገባበት፣ ሰውን ተከትሎ ኮሌጅ መጣ። መሃል ከተማ ኪራዩ የማይቀመስ ሕንፃ ዳር ላይ ይገኛል። በአንድ ፎቅ የጀመረ ኮሌጅ በሦስት ዓመት አራት ፎቅ ይይዛል።

እኔም የምሠራው እንዲህ ባለ ኮሌጅ ነው። የሥራ መደቤ «የጥራት ማረጋገጫ ኃላፊ» ይባላል። «ኮምፕሊያንስ» የሚሉትም አሉ። ሥራው ያው ነው። ኮሌጁ የሚያስተምረው ሁሉ ፈቃድ እንዳለው፣ ፈቃዱ የጠየቀው ነገር ደግሞ በተግባር መኖሩን መከታተል ነው።

ለምን እንደምጨነቅበት ልንገራችሁ። ቀድሞ በሠራሁበት ኮሌጅ አንዲት ልጅ ተመርቃ ሥራ አገኘች። ዲግሪ ለመያዝ ማለፍ የግድ የሆነው የመውጫ ፈተና ገና ሳይጀመር ነው። ቀጣሪዋ ዲግሪዋ እንዲጣራ ላከ። መልሱ ሲመጣ ኮሌጁ በዚያ ካምፓስ በዚያ ሙያ እውቅና አልነበረውም የሚል ሆነ። እውቅናው ነበረ፤ ግን ለአሮጌው ካምፓስ ነበር። እሷ የተማረችው አዲሱ ሕንፃ ላይ ነው። ክፍያዋን የምትሸፍነው እናቷ ነበረች፣ ጉሊት ቸርችራ። ልጅቷ ቢሮዬ መጥታ ስትቀመጥ የምላት ነገር አጣሁ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፣ ከዚያ ወዲህ የማደርገውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

1. ደብዳቤዎቹን ራሳችሁ አንብቡ

የመጀመሪያውን ሳምንት ለዚህ ስጡት። ዲኑ «ሁሉም ፈቃድ አለው» ይላችኋል። አይዋሽም፤ የሚያውቀው እንደዚያ ነው። እናንተ ግን ደብዳቤዎቹን ከካዝና አስወጥታችሁ አንድ በአንድ አንብቡ።

የእውቅና ፈቃድ ለኮሌጅ በጅምላ አይሰጥም። ለአንድ የትምህርት መስክ፣ በአንድ ደረጃ፣ በአንድ ካምፓስ፣ በአንድ የአሰጣጥ ዘዴ፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው። አካውንቲንግ በዲግሪ ተፈቀደ ማለት በማስተርስ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ፊት ለፊት የሚሰጠው ተፈቀደ ማለት የርቀቱ ተፈቀደ ማለት አይደለም። አሮጌው ሕንፃ ላይ ተፈቀደ ማለት ደግሞ መንገድ ተሻግሮ ያለው አዲሱ ሕንፃ ተፈቀደ ማለት አይደለም። በማደግ ላይ ያለ ኮሌጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው። ክፍል ሲጠብብ ጎረቤት ያለውን ሕንፃ ይከራያል። ወንበር ይገባል፣ ተማሪ ይገባል። ደብዳቤው ግን የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ይቀመጣል።

ስለዚህ አንድ ሰንጠረዥ ሥሩ። የትምህርት መስኩን፣ ደረጃውን፣ የአሰጣጥ ዘዴውን፣ ካምፓሱን፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀን ጻፉበት። ከማብቂያው ቀን አጠገብ ስድስት ወር ወደኋላ ቆጥራችሁ ያንን ቀን በቀይ አስፍሩ። የእድሳት ሥራ የሚጀመረው ያን ቀን ነው። ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የእኔ ከበሩ ፊት ለፊት ነው ያለው፤ የገባ ሁሉ ያየዋል።

የፈቃድ ሰጪውንም ለዩ። ዲግሪና ከዚያ በላይ ያለው በፌዴራሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሥር ነው። ነባር ደብዳቤዎች ላይ «የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ» የሚል ታገኛላችሁ። አትደናገጡ፣ የባለሥልጣኑ የድሮ ስም ነው። ዋናው ሕግ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። አንድ ኮፒ አትማችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አኑሩ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ግን ወደ ከተማ አስተዳደሩ ወይም ወደ ክልሉ ይሄዳል።

ለእኛ ለዳር ሰዎች ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ላይ ተስማሙ። በ2015 ደግሞ ሸገር ከተማ ተመሠረተ። አንዱ ካምፓስ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በሸገር ሥር ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለው የአሥር ደቂቃ የባጃጅ መንገድ ብቻ ነው። ለዲግሪው ያው ባለሥልጣን ነው። ለደረጃ 3 እና ለደረጃ 4 ሥልጠና ግን የምትሄዱበት ቢሮ ይለያያል። «ሰፈሩ የማን ነው?» ብላችሁ ታክሲ ተራ አትጠይቁ። የወረዳውን ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

2. በማስታወቂያውና በሬጅስትራሩ መካከል ቁሙ

ለእኔ የሥራው እምብርት ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይታረማል። ፈቃድ በሌለው የትምህርት መስክ የተመዘገበ ተማሪ ግን በኋላ ማረሚያ የለውም።

ሁለት ነገር በጽሑፍ አስወስኑ። አንደኛ፣ የጥራት ማረጋገጫ ፊርማ የሌለው ባነር፣ ብሮሹርና የቴሌግራም ማስታወቂያ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ሬጅስትራሩ ከሰንጠረዡ ውጪ ላለ የትምህርት መስክ የመታወቂያ ቁጥር አይሰጥም። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ባለቤቱም ይፈርምበት።

ፈተናው የሚመጣው መስከረም ላይ ነው። እኛ ጋ ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው። አንድ ዓመት የፋርማሲ ማመልከቻ አስገብተን መልስ እንጠብቅ ነበር። ጠሩኝ።

«ማመልከቻው ገብቶ የለ እንዴ? ታዲያ መመዝገብ ብንጀምር ምናለበት?»

«ጋሼ፣ ማመልከቻው ገባ እንጂ ፈቃዱ አልወጣም።»

«ተማሪው ሌላ ቦታ ሲመዘገብ እያየሁ ዝም ልበል?»

«ስምና ስልካቸውን እንያዝ። ብር ግን አንቀበል። ደብዳቤው የወጣ ዕለት እኔ ራሴ እደውልላቸዋለሁ።»

ደስ አላላቸውም። አልፈርድባቸውም፤ ኪራዩ በየወሩ ይመጣል። ግን ባዶ እጄን አልሄድኩም። በአንድ ገጽ ላይ ሒሳብ ሠርቼ ይዤ ነበር። 60 ተማሪ ብንመዘግብና ፈቃዱ ባይወጣ የሚመለሰው ክፍያ፣ የመምህራኑ ደመወዝ፣ ሌሎቹ ፈቃዶች ላይ የሚመጣው አደጋ ሁሉ በብር ተጽፏል። ባለቤት ጋ ስትገቡ የሕግ አንቀጽ ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። ሒሳቡንም ይዛችሁ ግቡ።

«እውቅና በሂደት ላይ ያለ» የሚለውን አነጋገር ከማስታወቂያችሁ አጥፉት። ወላጅ ሲያነበው «እውቅና ያለ» ብሎ ነው የሚረዳው።

3. የተማሪ ፋይል

ሥራው ብዙ፣ ጊዜ የሚበላ፣ የማያልቅ ነው። ግን ልጁን ወደፊት የሚያድነው ይሄው ፋይል ነው።

በስም ጀምሩ። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ጎን ለጎን አድርጉ። አንዱ ላይ «ፀጋዬ»፣ ሌላው ላይ «ጸጋዬ» ቢል በአማርኛ ብዙ አያጣላም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን አንድ ፊደል ተጨመረ ወይም ተቀነሰ ማለት ለማጣራት የሚላክ ዲግሪ ተመለሰ ማለት ነው። የአያት ስም የተለየባቸውም አሉ። በምዝገባ ዕለት ከተገኘ ተማሪው ሄዶ ለማስተካከል ጊዜ አለው። በምረቃ ሳምንት ከተገኘ ግን ጋውን ተከራይቶ ያለቅሳል።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱን እዩ። «2015» የሚለው የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? ትራንስክሪፕት በእንግሊዝኛ ሲወጣ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ልጁ 12ኛ ክፍልን ሳይጨርስ ኮሌጅ የገባ ይመስላል። በፋይሉ ላይ ሁልጊዜ ከቁጥሩ ጋር የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ።

ከዚያ የመግቢያ መስፈርቱ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዘንድሮውን መስፈርት ይዞ የድሮውን ፋይል ስለሚያይ ነው። የሚሠራው ተማሪው በገባበት ዓመት የነበረው መመሪያ ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ ነገር ተቀይሯል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ከ2012 ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ገብተው የሦስት ዓመቱ ዲግሪ አራት ዓመት ሆኗል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማለፊያ ላላመጡት የሚሰጠው የማካካሻ (ሪሜዲያል) ትምህርት መጣ። ለእያንዳንዱ የመግቢያ ዓመት አንድ ገጽ አዘጋጁ። የዚያን ዓመት የመቁረጫ ነጥብና የወጣበትን ሰርኩላር፣ ማለትም ለተቋማት የተላለፈውን ደብዳቤ፣ ከላዩ አያይዙ። ሬጅስትራሩ ቢቀየር እንኳ ገጹ ይቀራል።

ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ የሚመጣውን ተማሪ ሁለት ጊዜ እዩት። ደረጃ 4 ጨርሻለሁ ብሎ የሥልጠና ሰርተፍኬት ይዞ ይመጣል። ያ ብቻውን አይበቃም። የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለውን፣ ማለፉን የሚያሳየው ወረቀት መኖር አለበት። የተሰጠበት ቀን ደግሞ ከምዝገባው ቀን መቅደም አለበት። «በኋላ አመጣለሁ» የሚለውን አትቀበሉ። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ በኋላ ስለማይመጣ ነው።

ኮፒ ስትቀበሉ ዋናውን ሳታዩ አትቀበሉ። ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» ብሎ ያየው ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርም፣ ቀን ያስገባ። ማኅተም ብቻውን ማን እንዳየው አይናገርም። የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ድረ ገጽ ጋር አመሳክሩ። የሌላ ኮሌጅ ውጤት ይዞ ለተዛወረ ተማሪ ለዚያ ኮሌጅ ደብዳቤ ጻፉ፤ በተማሪው እጅ የመጣ መልስ አትቀበሉ።

እኔ አንድ ልማድ አለኝ። በየዓርቡ ከሰዓት መደርደሪያው ጋ ሄጄ 20 ፋይል ሳልመርጥ አወጣለሁ። በዝርዝሩ እያየሁ እፈትሻለሁ። የጎደለውን ጽፌ ሰኞ ጠዋት ለሬጅስትራሩ እሰጣለሁ። በዓመት ወደ አንድ ሺህ ፋይል ይሆናል። መብራት ቢጠፋም የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ዓርብ አያመልጠኝም።

ሌላም አለ። የተማሪ ትራንስክሪፕት በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ግሩፕ መላክ ይቁም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም የልጁ ውጤት የልጁ ነው።

4. መምህራን

ተቆጣጣሪ መጥቶ የመምህራን ዝርዝር ሲጠይቅ የሚያየው ስም ብቻ አይደለም። ዲግሪያቸው ከሚያስተምሩት ጋር ይገጥማል ወይ? ቋሚ ናቸው ወይስ ትርፍ ሰዓት? ይህን ነው የሚያየው።

ዳር ላይ ያለን ኮሌጆች አንድ ችግር እንጋራለን። አንድ ጎበዝ የማስተርስ መምህር ጠዋት ሰበታ፣ ከሰዓት ቃሊቲ፣ ማታ አያት ያስተምራል። ትርፍ ሰዓት ማስተማር ነውር የለውም። ችግሩ በሦስቱም ኮሌጅ ዝርዝር ላይ «ቋሚ» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ዝርዝሩ የሚገባው አንድ ባለሥልጣን ጋ ነው፤ ስሙ ሦስት ጊዜ ይወጣል።

የቋሚነት ማስረጃ ውል ብቻ አይደለም። ጡረታው ነው። የደመወዙ 7 በመቶ ከመምህሩ፣ 11 በመቶ ከኮሌጁ በየወሩ ገቢ መሆን አለበት። ስለዚህ ከሒሳብ ክፍል በየወሩ የደመወዝ ዝርዝሩንና የጡረታ ገቢ ደረሰኙን ኮፒ ውሰዱ። በእናንተ የመምህራን ዝርዝር ላይ «ቋሚ» የተባለ ሰው እዚያ ላይ ከሌለ ዝርዝራችሁ ውሸት ነው፤ አስተካክሉት።

መምህር ሲለቅም ዝርዝሩ በዚያው ሳምንት ይስተካከል። ሰኔ ላይ የለቀቀ ሰው ታኅሣሥ ላይ በዝርዝር ሲገኝ ማስረዳት ከባድ ነው።

5. ሕንፃና ዕቃ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። የኪራይ ውሉ የጸደቀ ይሁን፣ ዘመኑም ከእውቅናው ዘመን አይነስ። ቤተ ሙከራ ያለው የትምህርት መስክ ከሆነ የዕቃ ዝርዝሩን ከግዢ ደረሰኝ ጋር አያይዙ፤ የተበላሸውን ዕቃ «የተበላሸ» ብላችሁ ጻፉ። የጤና ትምህርት ካላችሁ የሆስፒታል ልምምድ ስምምነቱ ቀኑ እንዳያልፍ። የሕንፃ ሕጉ አካል ጉዳተኛ መግባት የሚችልበት መንገድ ይጠይቃል። እኛ ጋ ለአንድ ልጅ ሲባል ሙሉ ሴክሽኑን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር አወረድነው። ራምፑ በዚያው ክረምት ተሠራ።

6. የመውጫ ፈተና የእናንተም ጉዳይ ነው

«ፈተና የአካዳሚክ ሥራ ነው» ይሏችኋል። ግማሹ የእናንተ ነው። ፈተናው በሐምሌ 2015 በአገር ደረጃ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲጀመር ከግል ተቋማት ተፈታኞች ከአምስት አንዱ እንኳ አላለፈም። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ድጋሚ መፈተን ይችላል፣ ዲግሪ ግን አይሰጠውም።

ከፈተናው አምስት ወር በፊት የተፈታኞቹን ዝርዝር ከሬጅስትራር ተቀበሉና ፋይላቸውን በሙሉ አንድ በአንድ አጣሩ። እዚህ ላይ የዓርቡ ናሙና አይበቃም። ስም የተሳሳተበት፣ የመግቢያ ማስረጃ የጎደለው ካለ ዝርዝሩ ከመላኩ በፊት ይታወቅ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ በትምህርት ክፍል ለዩት። ማን እንደወደቀ ብቻ አትዩ፤ በየትኛው ኮርስ እንደወደቁ እዩ። በአንድ ዓመት የእኛ ተማሪዎች በብዛት የወደቁበት ኮርስ ሁለት ጊዜ መምህር የተቀየረበት ሆኖ ተገኘ። ያን ማስረጃ ይዘን ለኮርሱ ቋሚ መምህር አስቀጠርን።

7. ደብዳቤ የሄደበትንና የመጣበትን ያዙ

ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፤ ሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስመቱበት። «ሰጥቻለሁ» የሚባል ማስረጃ የለም። ማኅተም ያለበት ግልባጭ ነው ማስረጃው። በ2017 የግል የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት እንደገና ሲመዘገቡ የዓመታት ሰነድ በአንዴ ነበር የተጠየቀው። ፋይላችንን በየጊዜው ስንይዝ ስለነበር በሌሊት አልሠራንም።

በስልክ የተነገራችሁን ነገርም ጻፉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን። ከዚያ «በስልክ በተነገረን መሠረት» ብላችሁ ደብዳቤ ላኩ። ባለሙያው ቢቀየር ነገሩ አይጠፋም።

ከእናንተ ሥራ ውጪ የሚመስሉ ቀኖችንም በዚያው ሰንጠረዥ አስገቡ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የትርፍ ግብር ማሳወቂያ ጥቅምት 30 ያበቃል። የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት፣ የሌለው ኮሌጅ የንግድ ፈቃዱ አይታደስለትም፤ ያ ካልታደሰ እናንተም የእውቅና እድሳት ላይ ትቆማላችሁ።

8. ተቆጣጣሪ ሲመጣ፣ ጥፋትም ሲገኝ

ሳይነግሩ ሊመጡ ይችላሉ። ሻይ ከማዘዝ በፊት ሰንጠረዡን ስጧቸው። የጠየቁትን ፋይል ሙሉውን አውጡ እንጂ አትምረጡ። የማታውቁትን «አላውቅም፣ አጣርቼ ነገ በጽሑፍ አሳውቃለሁ» በሉ። ነገ ደግሞ አሳውቁ። ለዚያ ቀን ተብሎ መጽሐፍ አይከራይ፣ ከሌላ ኮሌጅ መምህር አይጠራ። ያየሁት ነገር ስለሆነ ነው የምለው። ተማሪዎቹ ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ የምትነግሯቸውን አያምኑም።

ጥፋት ራሳችሁ ስታገኙ ደግሞ በዚያው ቀን ለዲኑ በጽሑፍ አሳውቁ። ቀጥሎ ለተማሪው ንገሩት። በኮሪደር ሳይሆን ቢሮ ውስጥ፣ በር ዘግታችሁ። ቤተሰብ ይዞ መምጣት እንደሚችል ንገሩት። ምን እንደጎደለ፣ ምን አማራጭ እንዳለው፣ ኮሌጁ የሚሸከመው ምን እንደሆነ በወረቀት ስጡት።

አምና በኅዳር ከዓርቡ 20 ፋይል አንዱ የአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ደረጃ 4 ጨርሶ የመጣ ልጅ ነው። ሲኦሲ የለውም። ሬጅስትራር ላይ «ያመጣል» ብሎ አንድ ሰው በእርሳስ ጽፎ አልፎታል። ከአባቱ ጋር ቢሮዬ ተቀመጡ። አባቱ «አሁን ለምን ትነግሩናላችሁ?» ብለው ተቆጡ። እውነት አላቸው፤ በምዝገባ ቀን ነበር መነገር ያለበት። ይቅርታ ጠየቅሁ። የከፈለው በሙሉ እንዲመለስ ደብዳቤ ጽፌ ጋሼ ፈረሙበት። ልጁ የምዘና ጣቢያ ሄዶ ተመዘገበ፣ በመጀመሪያው አላለፈም፣ በሁለተኛው አለፈ። ዘንድሮ መስከረም እንደገና ከአንደኛ ዓመት ጀመረ። ፋይሉን እኔ ነኝ የከፈትኩለት። የሲኦሲው ቀን ከምዝገባው ቀን በሦስት ወር ይቀድማል።